አለማየትና አለመኖር

የአየር ሁኔታ ታዛቢ ነኝ። ሰማዩን ቀና ብዬ አይና ከስምንት እጅ ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ እመዘግባለሁ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን ከበረዶ ቅንጣት የተሠራው፣ ከፍ ብሎ የሚዘረጋው ስስ ደመና ለዓይን አይገለጥም፤ ኮከቡ ከጀርባው ይታያል። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ዜሮ ታዲያ ሁለት ፍቺ አለው፦ ወይ ደመና የለም፣ ወይ ብርሃን የለም። "አላየሁም" የሚል ሰው "የለም" ሊል ይችላልን? ይህ ለእኔ የሃይማኖትም ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሃን፣ ዋረንና ለንደን የተባሉ ተመራማሪዎች የሌሊት ምዝገባዎችን በጨረቃ ብርሃን ልክ ለይተው መረመሩ። በጨለማ ሌሊት የሚመዘገበው ደመና ከእውነተኛው ያንሳል። እነርሱም በቂ ብርሃን ያልነበረበትን ምዝገባ ወደ ጎን ትተው በቀረው ሠሩ። ብዙ ምስክር በመተው ወደ እውነት ቀረቡ።

መሣሪያም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጠቀችው ደመና ለኪዋ ሳተላይት ክላውድሳት በምድር ወገብ ላይ የምታልፈው በየአካባቢው ሰዓት ከቀኑና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። የደጋችን የክረምት ደመና ግን የሚበረታው ከዚያ በኋላ፣ ወደ ማታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባትሪዋ ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ የምትለካው በቀን ብቻ ሆነ። ራዳሯ በጣም ስስ የበረዶ ደመናን ይስት ነበር፤ አብራት የመጠቀችው የካሊፕሶ ሳተላይት ሌዘር ያንን ያይ ነበር፣ ወፍራሙን ግን ዘልቆ አይወጣም ነበር። አውሮፕላን ደመናው ውስጥ ገብቶ ሲለካም ቅንጣቶቹ ከመሣሪያው ጫፍ ጋር ተጋጭተው ይሰባበራሉ፤ አንዱ እንደ ብዙ ይቆጠራል።

ወዲያና ወዲህ የሚል ስሕተት ልኬቱ ሲበዛ ይካካሳል። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስሕተት ግን በብዛት ይጸናል፤ ሺህ ጨለማ ሌሊት ያንኑ ሐሰት ሺህ ጊዜ ይመሰክራል። ስለዚህ "ሁሉም እንዲህ ይላል" የሚለው ማስረጃ አያሳምነኝም፤ ሁሉም የቆሙት አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል።

በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ደመናና ስለ በረዶ ቤተ መዛግብት ይጠይቀዋል። ጥያቄው አትለካ የሚል ትእዛዝ ሆኖ አይሰማኝም፤ የት ቆመህ እንደምትለካ እወቅ የሚል ነው። አማኙ ፈጣሪን ያገኘበትን፣ ተጠራጣሪው ያጣበትን ቦታና ብርሃን አብሮ ይናገር። ትሕትና ቁጥሩን መደበቅ አይደለም፤ ከቁጥሩ ጎን የብርሃኑን ልክ መጻፍ ነው።