መቃኞ

የማኪንቶሽ ፕላስ አንገት ሲሰበር ድምፁ ትንሽ ነው። ቡና ገንፍሎ ፍም ላይ እንደወደቀ ጠብታ “ሲስስ” ይላል፤ አለቀ። አንገት ያልኩት የስክሪኑ ቱቦ ከኋላ ሾጠጥ ብሎ የሚያልቅበትን ቀጭን መስታወት ነው። ቱቦው ውስጥ አየር የለም። ጫፉ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ቦርድ ስነቅል እጄ ከበደና ተሰነጠቀ፤ የክፍሌ አየር ገባበት። ያን ዕለት ሐሳቤ መጠገን እንጂ መቀየር አልነበረም።

ኮምፒዩተሩን ያገኘሁት እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎረቤት ቤቱን ለቆ ሲሄድ ደጅ ካወጣቸው ዕቃዎች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሞዴል፣ ሜሞሪው 1 ሜጋባይት፣ ስክሪኑ ባለ 9 ኢንች ጥቁርና ነጭ። ለመክፈት ጫፉ ኮከብ የሆነ ረጅም ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ሁለት ብሎኖች ከማንጠልጠያው ሥር ጠልቀው ተቀብረዋል። ተራ ሰው እንዲከፍተው አልተፈለገም።

የሚገርመው ታዲያ ከውስጥ ያለው ነው። በኋላ ክዳኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ፊርማዎች አሉ፤ የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ወረቀት ላይ የፈረሟቸው፣ ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹ። ሠዓሊ በሥራው ላይ ይፈርማል የሚለው የስቲቭ ጆብስ ሐሳብ ነበር። ማንም የማይከፍተው ሣጥን ውስጥ መፈረም! የብራና ጸሐፊ እንኳ ስሙን የሚያኖረው አንባቢ እንዲጸልይለት ነው።

አንገቱ ከተሰበረ ወዲያ ሆዱን አወጣሁ። በቱቦው ቦታ ጠፍጣፋ ኤልሲዲ፣ በማዘር ቦርዱ ቦታ መታወቂያ የምታህል፣ ራስቤሪ ፓይ የምትባል ኮምፒዩተር ገባች። ሜሞሪዋ 4 ጊጋባይት ነው፤ አራት ሺህ እጥፍ። ቱቦው ፊቱ ቆልመም ያለ ነበር፣ አዲሱ ቀጥ ያለ ነው፤ በመካከል የቀረውን ክፍተት በጥቁር ካርቶን ለመድፈን ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። አሮጌው ማራገቢያ አልነበረውም፤ ጆብስ ድምፁን አይወድም ነበር። የታፈነው ሙቀት ግን በዓመታት ውስጥ የፓወር ቦርዱን ብየዳ ይሰነጥቃል፤ የእኔውም በዚሁ ነበር የጠፋው። እኔ ማራገቢያ ጨመርኩ። ጸጥ እንዲል የተሠራው ሣጥን አሁን ያጉረመርማል። ሳነሳው ደግሞ እጄ ይታለላል፤ ለክብደት ተዘጋጅቶ ባዶ ይዞ ይነሳል።

ሊጠይቁን የመጡት እናቴ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

“ሆዱን አውጥተህ ምኑን ነው ያደስከው?”

“ቤቱ እኮ ያው ነው፣ እማዬ።”

“ቤቱማ…” አሉና የደብራችንን አነሱ። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ሲለብስ ታቦቱ በጊዜያዊ ማደሪያ፣ በመቃኞ ከርሞ ነበር። ግድግዳው ሳይቀር ፈርሶ ተሠራ፤ ታቦቱ ተመልሷልና ደብሩ ያው ደብር ነው። “ያንተ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ግድግዳውን ትተህ ታቦቱን አወጣህ።”

መልስ አጣሁ። ለራሴ ግን መከራከሬን አልተውኩም። ያ ማዘር ቦርድ ቁጥር ስፍር የሌለው ወንድም አለው፤ የዚህ የብቻው የሆነው የፀሐይ ቢጫነቱና በጎኑ ያለው ጭረት ነው። ፊርማዎቹ ቢሆኑ በስንት ሣጥን ላይ የታተሙ ናቸው። እንዲያ ስል ደግሞ ያቆየሁት ፊቱን ብቻ መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ ክርክሩ ይበርድብኛል።

አንድ ነገር ግን አገኘሁ። ይህ ኮምፒዩተር ሲወጣ የኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ራሱ ገና አልነበረም፤ ፊደላችን የገባበትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኪቦርዱ ያው የድሮው ነው፤ እንደ ስልክ በተጠማዘዘ ገመዱ ላይ መቀየሪያ አስገብቼ ከአዲሷ ቦርድ ጋር አገናኘሁት። በእነዚያ ጠንካራ ቁልፎች የእናቴን የክርስትና ስም ጻፍኩ፤ ወለተ ስላሴ። መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው ተከተሉት።

“ሥላሴ በንጉሡ ሠ ነው። አስተካክል።”

አስተካከልኩ።

አሮጌው ማዘር ቦርድ አልተጣለም። በጨርቅ ተጠቅልሎ የጫማ ካርቶን ውስጥ አለ፤ ጤነኛ ቱቦ ከተገኘ ማን ያውቃል። እናቴ ክፍሉን ሲያሰናዱ ካርቶኑን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አገኙት።

“ይሄስ ምንድን ነው?”

“መቃኞ” አልኳቸው።

ሳቁና አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱት።