ቀና ብሎ ስለ መሄድ

ኀፍረት የሥራ ዕዳ ነው እንጂ የአካል ዕዳ አይደለም። የሰረቀ ይፈር፤ የዋሸ ይፈር፤ ባልንጀራውን የከዳ ይፈር። ጡቷ ትልቅ ሆኖ የተፈጠረች ልጃገረድ ግን ምን አድርጋ ታፍራለች? ምንም አላደረገችም፤ ቢሆንም ታፍራለች።

ወደ መንዝ የወጣ ሰው ጓሳን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለ ሆነ፣ ብርዱ ሴቱንም ወንዱንም በጋቢና በባና ይጠቀልለዋል። እዚያ ልብሱ ልጅቱን ይሸሽግላታል፤ ሐሳቧን ግን አይሸሽግላትም። ትምህርት ቤት ስትገባ ደብተሯን በደረቷ ታቅፋ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት አጥፋ ነው። የሩጫ ሰዓት ሲደርስ «አሞኛል» ትላለች። ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራውን፣ ዛሬም ጄሪካኑን፣ በጀርባዋ አዝላ ገመዱን በደረቷ ላይ ታሳልፋለች፤ ገመዱም ያማታል። ነገር ግን የሚያማትን ቦታ ስም መጥራት ስለምታፍር ለእናቷ እንኳ አትናገርም።

ይህ ስም ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? አባቶቻችን ባዳውን ዘመድ ሲያደርጉ «የጡት አባት»፣ «የጡት ልጅ» ተባብለው ይማማሉ ነበር፤ ታላቅ ባላባት እንኳ የጡት አባት መባልን እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር። የዝምድና ቃል የነበረውን የመሣለቂያ ቃል ያደረግነው እኛ ነን።

ከዚህ የከፋው ሐሜት ነው። «ወንድ ነክቷት ነው ያደገው» የሚል አይጠፋም። ሐሰት ነው! የጡት መጠን የሚመጣው ከዘርና ከሰውነት ስብ ነው፤ ስለ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም።

እንግዲህ ጨዋነት የት ሊሄድ ነው? የሚለኝ ይኖራል። ጨዋነት ልብስን እንደ ወጉ መልበስ ነው፤ ጀርባን ማጉበጥ ግን ከጨዋነት አይቆጠርም። ደግሞስ ዐይን የራሱ ጨዋነት የለውምን? ወንድሜ ሆይ፣ እኅትህ በምታልፍበት መንገድ ላይ ቆሞ የሚያፏጨውን ጓደኛህን ዝም በል ብለኸው ታውቃለህን?

ጡት በውስጡ ጡንቻ የለውም፤ የሚይዘው ቆዳና ስስ ጅማት ነው። ስለዚህ ድጋፍ ቅንጦት አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቬርሞንት ሊዛ ሊንዳል፣ ፖሊ ስሚዝና ሂንዳ ሚለር የሚባሉ ሦስት ሴቶች ለሩጫ የሚሆን ጡት መያዣ ሠሩ። የመጀመሪያውን የሰፉት የወንድ ስፖርተኞች ከወገብ በታች የሚታጠቁትን መደገፊያ ሁለቱን ገጣጥመው ነው (የሚያስቅ ነገር ቢሆንም እውነት ነው)። እነዚህ ሴቶች ሰውነታቸውን አልረገሙም፤ ልብሱን ለሰውነታቸው አበጁለት። አንቺም ጡት መያዣ ስትገዢ ሸክሙን በትከሻሽ ማንገቻ ላይ ብቻ አትጣይው፤ ከጡት ሥር ደረትን የሚዞረው ጨርቅ በልክ ይሁን፣ ማንገቻውም ሰፋ ይበል። የአንገትና የጀርባ ሕመም ከጸና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ጡትን የሚቀንስ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ለሕመሟ ብላ የምትሻውን ሴት ቅብጥ ማለት ግፍ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከቤት ይጀምራል። እናት ልጇን ለውሃ ስትልክ «ልጄ፣ ገመዱ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብላ ብትጠይቃት፣ ልጅቱ ምናልባት ያን ቀን ትነግራታለች።