ቃል ሰውን ሲሰውር



አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል የት ደርሶ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ማለታቸው ነው። ቃሉ የወጣው ከባለ ሥልጣን አፍ ሲሆንስ? ያንኑ ተቀብለን የደገምነው እኛስ በነገሩ እጃችን የለበትምን? ዛሬ አብረን ልናስብበት የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶች ሲያልቁ፣ ግድያው «አብዮታዊ እርምጃ» ይባል ነበር። ሰውን ያለ ፍርድ መግደልም «ነፃ እርምጃ» የሚል ስም ወጣለት። ቃላቱ ለየብቻ ሲታዩ ምንም ክፋት የለባቸውም። እርምጃ የእግር ነው፤ ነፃነትም የሁላችን ምኞት ነው። ሲጋጠሙ ግን ሬሳውን ከዓይን ሰወሩት። ሟቹም የክርስትና ስሙ ቀርቶ «አናርኪስት»፣ «ፀረ አብዮት» ተባለ። «ቀይ ሽብር» የሚለው ስም «ነጭ ሽብር» ከሚለው ጋር ተጣምሮ መነገሩም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቃሉ ጥንድ ሲሆን መግደል መልስ መስጠት ብቻ ይመስላልና። በተቃዋሚው ወገንም ቢሆን «ባንዳ» የሚለው ስም የሰውን ደም ያቀለለበት ጊዜ ነበር።

ይህ የእኛ አገር ብቻ በሽታ አይደለም። በሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. ቱትሲዎች ሲጨፈጨፉ፣ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ «በረሮ» እያለ ይጠራቸው ነበር። በረሮን የሚገድል ሰው ኅሊናው አይወቅሰውም። ስያሜው የተፈለገውም ለዚሁ ነበር።

እንግዲህ ብርቱ ቃል ሁሉ ክፉ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ለሌባ «ሌባ»፣ ለነፍሰ ገዳይ «ነፍሰ ገዳይ» ማለት ይገባል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ቃል የተደረገውን ይገልጥልናል፣ ሌላው ይሸፍንብናል።

«ባለ ሥልጣኑ ያለውን ብንደግም ምን ጥፋት አለብን?» የሚሉ አሉ። ሆኖም ባለ ሥልጣን ብቻውን የሚናገረው ቃል ብዙም አይጓዝም። ጉልበት የሚያገኘው በገበያው፣ በትምህርት ቤቱና በየቤቱ እኛ ስንደግመው ነው። ዛሬም በጨዋታ መካከል፣ በስልካችንም ላይ፣ የሌላውን ወገን በጅምላ የምናዋርድበት ስም ስንት ነው?

በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው፣ በግድግዳው ላይ የሟቾቹን ፎቶግራፍ ያያል። «አናርኪስት» የተባለው ለካ ፊት ነበረው፤ እናትም ነበረችው።

ስለዚህ አዲስ የፖለቲካ ስም በሰማን ጊዜ፣ ከመድገማችን በፊት የገዛ ወንድማችንን ስም በቦታው አስገብተን እንናገረው። ምላሳችን እንቢ ካለ፣ ያ ቃል በሌላውም ሰው ላይ ሊነገር አይገባውም።