የሰው ድምፅ አደራ

ለመሆኑ የሌላውን ሰው ቃል ተቀብሎ የሚያደርስ መልእክተኛ፣ ቃሉን በመንገድ ላይ የማለዘብ መብት አለውን? ይህን ጥያቄ የፍልስፍና መጽሐፍ ገልጬ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ቆቦ ከተማ፣ እናቴ ቤት፣ አንድ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ የብየዳ እርሳስ ሳቀልጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በ1988 ዓ.ም. ጅዳ ይኖር ለነበረው ታናሽ ወንድሙ በካሴት የቀዳው መልእክት አለ። በዚያ ዘመን ዘመዱ ዐረብ አገር የሄደበት የራያ ቆላ ሰው ደብዳቤ ከማስጻፍ ይልቅ ቴፕ ፊት ተቀምጦ መናገር ይቀናው ነበር። ካሴት ጸሐፊ አይፈልግም፤ ሳቁም ሳሉም ኩርፊያውም አብሮ ይሄዳል። የአባቴ ካሴት የኩርፊያ ነበር። አጎቴ ቤት ይሠራልኝ ብሎ የላከውን ገንዘብ አባቴ ለበሬ መግዣ አውሎት ኖሮ፣ አጎቴ ይህን ሲሰማ «ሌባ» የሚል ቃል ልኮበታል። አባቴ መልሱን በካሴት ቀዳና በዚያ ዓመት ለሐጅ ለሚሄዱ ለአንድ ጎረቤታችን አደራ ሰጣቸው። ሐጂ ሄዱ፤ ተመለሱ። ካሴቱንም መልሰው ለእናቴ ሰጧት። ወንድማማቾቹ ግን ብዙ ሳይቆዩ ታረቁ። እናቴ እንደምትለው፣ ሐጂ ካሴቱን በጉያቸው ይዘው በአፋቸው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነግረው ነው ያስታረቋቸው።

አባቴ በ1996 ዓ.ም. ሞተ። ሐጂም ተከተሉት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሁለት ጊዜ ሲረግጣት የቤታችን ቴፕ ወጥቶ ቀረ፤ ካሴቱን ግን የፈለገው አልነበረም። አጎቴ ዛሬ ሮቢት ነው የሚኖረው፤ አርጅቷል። በአንድ የሰንበት ውሎ ላይ «የወንድሜን ድምፅ የያዘ ነገር ከናንተ ቤት አይጠፋም ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔም መሬቱን አየሁ።

ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ ቴፕ ገዝቼ መጣሁና ካሴቱን መጀመሪያ ለብቻዬ አዳመጥሁት። አባቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚናገር ይመስል ነበር። ጥፋቱ የካሴቱ ብቻ አልነበረም። የነበረኝ ማጉያ አሮጌ ነው፤ ገመዱም ረጅም ነው። እንዲህ ያለ ማጉያ ከቴፑ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንም ይጠይቀዋል። አንድ ኩንታል ማሽላ ተሸክሞ ወደ ዞብል ተራራ የሚወጣን ሰው ወሬ አውራኝ ብንለው ያወራ ይሆናል፤ ነገር ግን ቃሉ ይቆራረጣል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ቴፑም የደረሰበት ይኸው ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ በፈር የሚሉት መሣሪያ ነው። በቴፑና በማጉያው መካከል ይቆማል። ድምፁን አያጎላም፤ እንዲያውም ከተቀበለው ጥቂት ጎደል አድርጎ ነው የሚያስተላልፈው። ሥራው ጆንያውን ከተናጋሪው ትከሻ ላይ ተቀብሎ «አንተ ተናገር፣ ሸክሙን ለእኔ ተወው» ማለት ነው። ማጉያው የሚጠይቀውን ጉልበት ከራሱ ጎተራ ይከፍላል። አንድ ወዳጄ ከቻይና ያስመጣውን ተገጣጣሚ በፈር ሰጠኝ፤ አንድ የታተመ ሰሌዳ፣ በከረጢት የታሰሩ ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ ሁለት የመስታወት ቫልቮች።

ቫልቭ ለዛሬ ወጣት እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። አየሩ የተመጠጠ ትንሽ አምፖል ነው። በውስጡ የሚግል ብረት አለ፤ ከጋለው ብረት ኤሌክትሮን ይተናል፤ በመካከል የተዘረጋች የሽቦ መረብ ያንን ፍሰት እንደ መስኖ በር ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ በ1904 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሠራ፤ አሜሪካዊው ደ ፎረስት ከሁለት ዓመት በኋላ መረቧን ጨመረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ጣልያን ሊወርረን ሲዘጋጅ በ1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ለዓለም የተናገሩት በቫልቭ ነው፤ ሌላ መንገድ አልነበረምና። ትራንዚስተር የመጣው በ1947 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ላይ ነው። እሱ ከመጣ በኋላ ቫልቭ ይሞታል ተባለ፤ ግን እስከ ዛሬ በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይሠራል። የሚገዙት ሰዎች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ድምፁ ይሞቃል» ይላሉ።

አራት ማታ ፈጀብኝ። የቆቦ ሙቀት ላይ የብየዳው ሙቀት ተጨምሮ ላቤ ሰሌዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የጀመርሁት ብየዳ ቀዝቅዞ ይቀራል። አንዱን ካፓሲተር ገልብጬ በይጄው ኖሮ ገና መብራቱን ስለቅበት እንደ ፈንዲሻ ጮኸ። እናቴ ከጓዳ «ቤቱን ልታቃጥለው ነው የመጣኸው?» አለችኝ። በአራተኛው ማታ ቫልቮቹ እንደ ፍም ቀሉ።

አባቴም ተናገረ። እንዴት ያለ ድምፅ! ክብ፣ ለስላሳ፣ ከደረት የሚወጣ፤ ተረት የሚያወራ አያት የሚመስል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እናቴን ጠራኋት። ራሷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት አዳመጠችና፦

«ማነው ይሄ?» አለች።

«አባባ ነዋ፣ እማዬ።»

«የአባትህን ድምፅ ምን አደረግኸው? እሱ እኮ ጠ-ን ሲላት እንደ ጅራፍ ነበር የሚያጮኻት።»

እውነቷን ነበር። የቋንቋችን ቁጡ ፊደላት፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፣ ሁሉም ጥርሳቸው ወልቆ ነበር። «ያንተን ገንዘብ ከምበላ የዞብልን ድንጋይ ብቆረጥም ይሻለኛል» የሚለው የአባቴ ቃል፣ በእኔ መሣሪያ አልፎ ሲመጣ ምርቃት ይመስላል።

ወልድያ የሚኖሩ፣ በቫልቭ ዘመን ሬዲዮ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ይዤው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን አገላበጡና «ይህን ቫልቭ አስርበኸዋል» አሉኝ። ቫልቩ 250 ቮልት በልቶ እንዲሠራ የተፈጠረ ነው፤ ተገጣጣሚው ግን ለገዢው ደኅንነትም ለዋጋ ቅናሽም ሲባል የሚያቀምሰው ሠላሳ ቮልት እንኳ አይሞላም። የተራበ ቫልቭ ደግሞ የድምፁን ጫፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያቅተዋል፤ ያጎብጠዋል። ሲያጎብጠው በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ እጥፉን ይጨምርበታል፤ ለ200 ንዝረት 400ን ያክልበታል። ይህ ጭማሪ ከዋናው ጋር አንድ ዜማ ስለሆነ ጆሮ እንደ ስሕተት አይቆጥረውም፤ እንደ ጣዕም ይቀበለዋል እንጂ። ብዙዎች ሙቀት የሚሉት ነገር አንዱ ምንጩ ይህ ነው። በሚገባ የተመገበ በፈር ያገኘውን ማድረስ እንጂ ማጣፈጥ ብዙም አይሆንለትም። ሲጣፍጠኝ የነበረው፣ ለካስ የቫልቩ ረኀብ ነው!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የተማርሁት የሰውን ቃል እንደ ቃሉ አድርስ የሚለውን ነው። ግን ስንቱን ሰው ቃሉን «አሳምሬ» አትሜለታለሁ! ገበሬው የተናገረውን ቁጣ በለሰለሰ አማርኛ ጽፌ፣ አንባቢ «ምን ያለ ጨዋ ገበሬ ነው» እንዲል አድርጌያለሁ። ውሸት አልጨመርሁም፤ ጥርሱን ብቻ ነው ያወለቅሁት።

ምንም ሳይጨምሩ ማዛባት እንደሚቻል የእኛ አገር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ረኀቡ ራያና ቆቦንም ያዳረሰ ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ለሕዝብ አሳየ። የረኀቡ ምስል እውነት ነው፤ የድግሱም ምስል እውነት ነው። ማን ከማን አጠገብ እንዲቀመጥ የወሰነው ግን ስሙ የማይታወቅ ቆራጭ ነው። ፍርዱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ረሀብተኛ ለምን ጉዳይ እንደተጠራ ማንም አልነገረውም።

ታዲያ ሐጂስ? ሐጂም ያደረጉት ያንኑ አይደለምን? በወሎ የአበጋር ሽምግልና፣ ደም የተቃቡ ሰዎች መጀመሪያ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ ቃል የሚመላለሰው በሽማግሌዎች አፍ ነው። ሽማግሌ የሰማውን ስድብ እንደ ወረደ ቢያደርስ ኖሮ ስንት ሬሳ ይነሣ ነበር! ስለዚህ «ሁልጊዜ እንደ ቃሉ አድርስ» የሚለው የትምህርት ቤት ሕጌ ቆቦ ላይ አይሠራም። ብዙ ሌሊት ሳወጣ ሳወርድ የደረስሁበት ልዩነት ይህ ነው። ሽማግሌው ቃል ሲያለዝብ በስሙና በፊቱ ነው፤ ነገ ሁለቱም ወገኖች በሩን አንኳኩተው «ምን ነበር ያልኸን?» ሊሉት ይችላሉ። እሱም መልስ አለበት። የእኔ የተራበ ቫልቭ ግን መልስ የለውም፤ «አባትህ ነው» ብሎ ሌላ ሰው ይሰጠኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። ማለዘቡን ያላወቀ ሰሚ ሊጠይቅ አይችልም። አጎቴን በዚያ መሣሪያ ባሰማው፣ እኔም በዝምታ እንደዚያ ስሙ እንደማይታወቅ ቆራጭ መሆኔ ነበር።

አዛውንቱ ከሞተ የድሮ ሬዲዮ የነቀሉትን ትራንስፎርመር ሰጡኝ። ለ25 ቮልት የተሠሩትን ካፓሲተሮች አውጥተው አዲሱን ከፍተኛ ቮልት በሚገባ የሚችሉትን ተኩልኝ፤ ሬዚስተሮቹንም ለዚያው በሚስማማ ቀየሩ። «ከእንግዲህ ይህ መጫወቻ አይደለም፤ ስትነካው አንድ እጅህን ኪስህ ክተት» ብለው አስጠነቀቁኝ። ሁለቱ እጆች አብረው ከነኩ ኤሌክትሪኩ በደረት አቋርጦ ልብን ያገኛልና። ቆቦ ተመልሼ ካሴቱን አስገባሁ። ብርድ ልብሱ ተገፈፈ፤ ማሩም ቀረ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም አለኝ ብለህ አትጥራኝ!» አለ አባቴ፤ ጠ-ዋን እንደ ጅራፍ አጮኻት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እሱ ነው» አለች። ቀጥላም «ለአጎትህ ይህን አታሰማውም፤ የታረቀ ነገር አይቆፈርም» አለችኝ።

ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካሴቱ ምን እንደያዘ ለአጎቴ አስቀድሜ እንድነግራቸው፣ መስማት አለመስማቱን እሳቸው እንዲመርጡ።

እሑድ ከሮቢት መጡ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቀስ ብዬ ጀመርሁ። «ጋሼ፣ ካሴት አለ። ነገር ግን የቁጣ ነው። ሐጂ ጅዳ ድረስ ይዘውት ሄደው ሳይሰጡዎት…»

«አውቃለሁ» አሉ አጎቴ።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች።

«ሐጂማ ነግረውኛል። 'የወንድምህን ቃል ይዣለሁ፤ ከባድ ነው። እዚህ ሰው አገር ለብቻህ አላሸክምህም። አገርህ ስትገባ ትሰማዋለህ' አሉኝ። ያን ማታ ስንት ለመንኋቸው! እምቢ አሉ። እኔ የታረቅሁት የተቆጣ መሆኑን እያወቅሁ ነው፤ ገንዘቡን ትቼለታለሁ በሉልኝ ያልኋቸውም ለዚያ ነው።»

«ጥሩ ጥሩውን ነግረውት ነው የታረቀው ያልሽኝ?» ብዬ እናቴን አየኋት። «እኔ ምን አውቄ!» አለች፤ እንደመሳቅም እንደማልቀስም አላት።

አጎቴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወንበራቸውን ወደ ማጉያው ሳቡ። «በል አጫውተው» አሉኝ። መብራቱን ለቀቅሁበት። ቫልቭ እንደ ትራንዚስተር ወዲያው አይናገርም፤ ብረቱ እስኪግል ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሦስታችንም ፍሙ ቀስ እያለ ሲቀላ እያየን ጠበቅን።