ስለ ሌሊት ደስታና ስለ ጉርብትና

ሰው ቀኑን ሠርቶ ማታ ቢደሰት ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለንም። ድካምን በጨዋታ ማስረሳት፣ ከወዳጅ ጋራ ማዕድ መቅረብ፣ ዘፈን መስማትና መጨፈር የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ አልፎ ነው። አንዱ የሚደሰትበት ሌሊት ለሌላው የዕረፍትና የጸሎት ጊዜ በሚሆንበት ከተማ፣ የሚደሰተው ሰው ለጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት? ጎረቤቱስ በበኩሉ ለሚደሰተው ሰው የሚከፍለው ዕዳ የለበትምን? ይህን ነገር የአዳማንና የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን ኑሮ መነሻ አድርገን ልንመረምረው ወደናል።

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በመንገዱ ላይ ጣቢያ ከተሠራባቸው ስፍራዎች አንዷ እርስዋ ነበረች። ጣቢያ ባለበት ነጋዴ፣ ነጋዴ ባለበት ማደሪያ፣ ማደሪያ ባለበትም የማታ ጨዋታ መኖሩ የታወቀ ነው። ስምዋ እንኳ ሁለት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ቀድሞ ስምዋ ወደ አዳማ ተመልሳለች። ዛሬም በአንድ መኪና ከተሳፈሩት መንገደኞች አንዱ ናዝሬት፣ ሌላው አዳማ ሲላት ይሰማል፤ ሁለቱም ግን የሚወርዱት በአንድ መናኸሪያ ነው።

ከተማዪቱ ሁለመናዋ የእስልምና ከተማ አይደለችም፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በአንድ መንደር ተቀላቅሎ ይኖርባታል። ወደ ደቡብ ወርደን አርሲ ነገሌን ስናልፍ፣ ወደ ምሥራቅም በመተሐራ በኩል የከረዩን አገር ስንነካ፣ የሙስሊሙ ቍጥር እየበዛ ይሄዳል። ነገር ግን የነገሌ አረቄ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ብዙ እናቶችም በእርሱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። በባቱ አጠገብ ደግሞ ሰፊ የወይን እርሻና የወይን ጠጅ ፋብሪካ አለ። እንግዲህ ጿሚው በአንድ አገር፣ ጠጪው በሌላ አገር ተለይተው የሚኖሩ ቢመስለን ተሳስተናል፤ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ።

በ2007 ዓ.ም. 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ፣ ዓርብ ከሥራ ወጥቶ አዳማ ላይ ራት መብላት ቀላል ነገር ሆኗል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን አዳማን ከሁሉ በፊት የምናውቃት በስብሰባ ነው። በአባ ገዳ አዳራሽም ሆነ በሆቴሎቹ አዳራሾች ሁለትና ሦስት ቀን እንሰበሰባለን፤ አበላችንን እንቀበላለን፤ ማታ ማታም ተከታትለን እንወጣለን። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ሲነበብለት የዋለ ሰው ማታ እግሩን ቢያፍታታ ነውር የለበትም (ሪፖርቱ አጭር ቢሆን ደግሞ ሌላ ደስታ ነበር)። ይሁን እንጂ እንግዳ ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የሚያመሽበትን ሰፈር አያውቅም። ከጭፈራ ቤቱ ግድግዳ ማዶ የታመመ ሽማግሌ ይተኛ ወይም ነገ ፈተና ያለባት ተማሪ ታጥና አያውቅም። የሰፈሩ ተወላጅ ቢጠጣ ቢጮኽ በማግስቱ ከጎረቤቱ ጋራ ዓይን ለዓይን መተያየቱ አይቀርምና ይሉኝታ ይይዘዋል። እንግዳው ግን ማታ አጥፍቶ ጧት በክፍያ መንገዱ ይመለሳል። ይሉኝታ የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። በማይተዋወቁት መካከል ምን ይተካዋል? የነገራችን ሁሉ ሥሩ ይህ ይመስለናል።

በረመዳን ወር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጿሚው ፀሓይ ስትጠልቅ ያፈጥራል፤ ከዒሻ ጸሎት በኋላ ተራዊሕ ይሰግዳል፤ ጥቂት ተኝቶም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ለሱሑር ይነሣል። ከጭፈራ ቤት የሚወጣውም ሰው ወደ ማደሪያው የሚመለሰው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ሌሊቱን ሲጨርስ፣ ሌላው ቀኑን ሲጀምር ይገናኛሉ። ሁለቱም ከእንቅልፋቸው የከፈሉ ናቸው። ሲተላለፉ ሰላምታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ስድብም ሊለዋወጡ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው የባጃጅ ነጂ ብዙ ጊዜ ራሱ ጿሚ ነው፤ የሰከረውን ተሳፋሪ አድርሶ፣ አዛን ሳይባል እህል ለመቅመስ ይቸኩላል። እርሱን በዋጋ ክርክር ሩብ ሰዓት ማቆም ለተሳፋሪው ትንሽ ነገር ነው፤ ለነጂው ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ መዋል ሊሆን ይችላል።

ሕጉ የሚለውን በአጭሩ እናሳልፈው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ፣ በመጠጥ ቤትና በምግብ ቤት ውስጥ ትንባሆ እንዳይጨስ፣ ሺሻም እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.08 ግራም በላይ አልኮል ያለበት ሰው መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህም ዝግ ብሎ ከመነጋገር ብዙ አይበልጥም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሳበን ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1225 ነው። ሕጉ ባለ ርስት በጎረቤቱ ላይ ጢስ፣ ክፉ ሽታ፣ ድምፅና መናወጥ እንዳያበዛ ከከለከለ በኋላ፣ ልኩን ያስቀመጠው በቍጥር አይደለም፤ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ እንዳይሆን ይላል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ መለኪያውን ፈልጎ ወደ ልማድ መልሶናል ማለት ነው። ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ የሚል ባለ ጭፈራ ቤት የክርክሩን ግማሽ ብቻ ተናግሯል።

ያ ልማድ ምንድን ነው? በአገራችን ጎረቤት ሐዘን ሲገባው ሬዲዮ ይዘጋል። ሠርግ የደገሰ ሰው እንኳ በአጠገቡ ሰው ቢሞት ከበሮውን ያስቀምጣል፤ ወይም ሄዶ የሐዘንተኛውን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን የሚያዝ አዋጅ የለም፤ ፖሊስም አይጠራበትም። ሟቹ ሙስሊም ቢሆን ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያን ቢሆን ሙስሊሙ ያደርገዋል። ልብ ብለን ብናየው፣ ሬዲዮውን የዘጋው ሰው ሐዘን ግቡ አልተባለም፤ እንዲያለቅስም አልተገደደም። የሌላውን ሐዘን የራሱ ሳያደርግ ለሐዘኑ ስፍራ ለቀቀለት። በረመዳን ሌሊትም ሆነ በሁዳዴ ማሕሌት የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ጹም አልተባለም፤ ጸልይም አልተባለም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚያችን አንድ ጠንካራ ነገር ሊያነሣ ይችላል። «ዛሬ ስለ ድምፅ እሺ ብል፣ ነገ መጠጥ ቤቱ ራሱ ዓይናችንን ያስቀይማልና ይዘጋ ይሉኛል፤ ከነገ ወዲያ የልጅቱን ቀሚስ ይለካሉ» ቢል ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሙስሊሞች በሚበዙበት አገር የዐሣማ ሥጋ መብላት ለሁሉም ሊከለከል ይገባልን ብሎ ጠይቆ ነበር። ሰዎቹ ሥጋውን የሚጸየፉት ከልባቸው እንደ ሆነ አልካደም፤ ቢሆንም በሌላው የግል ጣዕምና ጉዳይ ኅብረተሰቡ ሊገባ አይችልም ሲል ፈረደ። እኛም በዚህ እንስማማለን። ማየትና መጸየፍ አንድ ነገር ነው፤ መተኛት አለመቻል ሌላ ነገር ነው። ጎረቤቴ ቢራ መጠጣቱን ማወቄ ብቻ ከእኔ ምንም አይወስድብኝም፤ የድምፅ ማጉያው ግን ቤቴ ገብቶ ልጄን ይቀሰቅሳል። ፊተኛውን መታገሥ የወግ አጥባቂው ዕዳ ነው፤ ኋለኛውን ማስቀረት የሚደሰተው ሰው ዕዳ ነው። ይህን ድንበር የጠበቀ ሰው ተቃዋሚያችን የሚፈራውን አዘቅት አይወርድም።

ስለዚህም የወግ አጥባቂውን ዕዳ ሸፋፍነን ልናልፈው አንችልም። ማታ ከሥራ ወይም ከጨዋታ የምትመለስን ሴት በመንገድ ላይ መሳደብ፣ መከተል፣ ወይም ድንጋይ ማንሣት ሃይማኖት አይደለም፤ የሃይማኖት መምህራንም ይህን አያስተምሩም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያይቶ፣ በአንቀጽ 27 ለእያንዳንዱ ሰው የእምነት ነጻነት ሲሰጥ፣ ማንንም የጎረቤቱ የሌሊት ዘበኛ አድርጎ አልሾመም። ደግሞም እውነቱን እንናገር ካልን፣ የድምፅ ማጉያ ያለው ጭፈራ ቤቱ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም፣ በመስጊድም፣ በጸሎት አዳራሽም አለ። ለጸሎት መጥራት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ በማጉያ ማስተማር ግን በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ያመጣው አዲስ ነገር ነው። መልካም ጉርብትና የሚለው ሚዛን ለአንዱ ተመዝኖበት ለሌላው ሊደበቅ አይገባውም።

ወደ ገበታው እንመለስ። በስብሰባ ማታ አብረን የምንወጣው ባልደረባችን ሙስሊም ሲሆን፣ «በሞቴ አንድ ብቻ» የሚል አይታጣም። በሞቴ ማለት ለጉርሻ የተፈጠረ ቃል ነው፤ ፍቅር ይገለጥበታል። በእምነቱ ለተከለከለ ሰው መጠጥ ሲቀርብበት ግን ፍቅሩ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ባልደረባውም ወይ ወዳጆቹን ወይ ሕሊናውን ለማስቀየም ይገደዳል። አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ የረቀቁ ነበሩ። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ሴቶቹንም ከሙስሊም ጎረቤት አስመጥቶ ያስበስል ነበር፤ ዛሬም የሚያደርጉት አሉ። ሥጋው ተለየ እንጂ ድግሱ አልተለየም። 82 መስጊዶች ባሉባት በሐረር ጀጎል ከተማ፣ በከተማዪቱ ስም የሚጠራው የቢራ ፋብሪካ አልኮል የሌለበትን ሶፊ የተባለ የብቅል መጠጥ ማውጣቱ የንግድ ብልኀት ቢሆንም፣ ከዚያ የድስት መለየት ልማድ ጋራ ዝምድና ያለው ይመስለናል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ጠርሙስ ይዞ መቀመጥ ቻለ።

ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን ደግሞ የስፍራን ሕግ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በዱባይ ፈቃድ ባለው ሆቴል የሚሸጠው መጠጥ፣ አጎራባችዋ በሆነችው በሻርጃ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ሰው አለች፤ አስተናጋጅዋ። በአዳማና በሻሸመኔ መጠጥ ቤቶች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወግ አጥባቂው የሌሊቱን ኃጢአት ሁሉ በእርስዋ ላይ ይጭናል፤ የሚደሰተውም ሰው ከጉርሻ ገንዘብ ጋራ እጁን ጭምር የመዘርጋት መብት የገዛ ይመስለዋል። ሁለቱም በእርስዋ ላይ ይስማማሉ ማለት ነው፤ በሌላ ነገር ሳይስማሙ። እርስዋ ግን የመጣችው ለሥራ ነው። እንግዶቹ በመኪናቸው ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ አጥባ፣ ወለል ጠርጋ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ኪራይ ቤትዋ ትሄዳለች። በሆቴሉ ደረሰኝ ላይ የራቱ፣ የመጠጡና የታክሱ ሒሳብ ተዘርዝሮ ይወጣል፤ የእርስዋ የባጃጅ ዋጋ በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገኝም። እኛ ለስብሰባ ሆቴል ስንመርጥ የአዳራሹን ስፋትና የሻዩን ዋጋ አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ሠራተኞቹ ሌሊት በምን ወደ ቤታቸው እንደሚገቡም በዚያው ደብዳቤ ላይ መጠየቅ እንችላለን።