የነፍሰ ጡር ሴት መክበድ

ነፍሰ ጡር የሚለው ስም ራሱ ትምህርት አለው። ጦረ ማለት ተሸከመ፣ ደገፈ ማለት ነውና ነፍሰ ጡር የምትባለው ሴት በነፍሷ ላይ ሌላ ነፍስ የተሸከመች ናት። የተሸከመም ሰው መክበዱ አይቀርም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ በፀነሰች ሴት ላይ የሚታየው መወፈር ከጥንት ጀምሮ ብዙ ፍርሃትና ብዙ ሐሜት ሲያስነሣ ኖሯል። አንዱ «ወፍራለችና ምጧ ይጸናባታል» ይላል፤ ሌላው «ሆዷን ስለምትወድ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም በጾም ወራት ወተት ስትጠጣ ያያት እንደ ሆነ ዐይኑን ያፈጥባታል። ይህ ጕዳይ ለሐኪም ብቻ የሚተው ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱም ሐሜቱም የኅሊና ጕዳዮች ናቸውና ካህናትና ምእመናን ሊመለከቱት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በሐመር ወረዳ የምትገኘው ቱርሚ ይህን ጥያቄ ከሁለት ወገን ለመመልከት የምትመች ከተማ ናት። ሰኞ ገበያ ሲቆም የሐመር ሴቶች ጠጕራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር አሽተው፣ ያጌጠ የፍየል ቆዳ ለብሰው፣ የሚሸጡትን ተሸክመው ከየመንደሩ በእግራቸው ይመጣሉ። በሐመር ዘንድ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ማሽላውን በድንጋይ መፍጨት የሴት ሥራ ነው፤ በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ውኃው የሚገኘው አሸዋ ተቈፍሮ ነው። ምግባቸው በብዛት ማሽላ ነው፤ የቡና ገለፈት አፍልተው ይጠጡበታል፤ ወተት ከብቱ ደኅና በሆነ ጊዜ ይጨመርበታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ በደቡብ ኦሞም ብዙ ከብት አልቋል። ከብት ሲያልቅ ወተት ያልቃል፤ ወተት ሲያልቅ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጐዱት ሕፃን ያቀፈችውና ሕፃን ያረገዘችው ናቸው።

በዚያችው ከተማ ከደጋው አገር በመንግሥት ሥራና በንግድ ወርደው የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ በአንድ ገበያ ውስጥ ሁለት ዐይነት ነፍሰ ጡሮች ሊታዩ ይችላሉ፤ እንጀራ ያጣች አለች፣ እንጀራ እያላት የምትከለከልም አለች። የፊተኛዪቱ ጕዳይ የርዳታ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። የኋለኛዪቱ ጕዳይ ግን የትምህርት ነው፤ ስለ እርሷም ብዙ ይነገራል፣ የሚነገረውም አብዛኛው ስሕተት ነው። እኛ ደገኞች የቆላውን ሕዝብ ልማድ ለመንቀፍ ፈጣኖች ነን። ከዚህ ቀጥሎ የምንነቅፈው ልማድ ግን በደጋው ሰው ቤትም ሥር የሰደደ ነው።

እርሱም ነፍሰ ጡር ሴት ምግብ እንድትቀንስ የሚያዝዘው ልማድ ነው። በ1990 ዓ.ም. በሐዲያ ስለ ነፍሰ ጡሮች ምግብ የተጻፈ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ወተትና አይብ፣ ተልባና ጮማ ሥጋ ከሚከለከሉት መብሎች ውስጥ ነበሩ፤ ከሚከለከሉትም ሴቶች ግማሽ ያህሉ ምክንያት ያደረጉት የምጥን መክበድ ነው። በሻሸመኔ የተጠየቁ እናቶች ደግሞ ሙዝና ተልባ የመሰለው ነገር በሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ሕፃኑን አወፍሮ መውጫ ያሳጣዋል ሲሉ ተናግረዋል። ይህን ምክር የሚሰጧት ጠላቶቿ አይደሉም፤ እናቷ፣ አማቷና የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። በፍቅር ይነግሯታል፤ እርሷም በመታዘዝ ትራባለች።

በዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር እናያለን። ሕዝባችን ለነፍሰ ጡር ሴት አምሮት የሚሰጠው ክብር ከፍ ያለ ነው። ያማራትን ያላገኘች እንደ ሆነ ሕፃኑ ምልክት ይዞ ይወለዳል እየተባለ ባል በሌሊት ይላካል፤ ጎረቤትም ከድስቱ ጨልፎ ይሰጣል። ደግሞም በወለደች ማግሥት ገንፎው በቅቤ ይጥለቀለቃል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ዶሮው ይታረዳል፤ አራስ ካልወፈረች ባልዋ ይታማል። እንግዲህ ለአምሮቷ አንድ ጭልፋ የማይነፈጋት፣ በአራስነቷም ዐርባ ቀን የምትቀለብ ሴት፣ በመካከል ባሉት ወራት ሕፃኑ አጥንትና ደም በሚሠራበት ጊዜ «ጥቂት ቅመሺ» መባሏ ምን ይባላል? ግምቡ ካለቀ በኋላ ድንጋይ እንደ ማቅረብ ያለ ነው።

ይህም የአላዋቂ እናቶች ብቻ ስሕተት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ሉድቪግ ፕሮኾቭኒክ የተባለ የጀርመን ሐኪም፣ የዳሌ አጥንታቸው የጠበበ ሴቶች ትንሽ ሕፃን ይወልዱ ዘንድ በእርግዝናቸው መጨረሻ ውኃና እህል የሚቀንስ የምግብ ሥርዐት አውጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ማሕፀን ቀዶ ማዋለድ ለእናቲቱ ሞት የቀረበ ስለ ነበረ ሐኪሙን አንወቅሰውም። የሚያስደንቀው ግን ቀዶ ማዋለድ እየተሻሻለ ከሄደ በኋላ እንኳ ሥርዐቱ ምክንያቱን ጥሎ ብቻውን መቅረቱ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የአሜሪካ ሐኪሞች ነፍሰ ጡሮችን ከ8 ወይም ከ9 ኪሎ በላይ እንዳይጨምሩ ሲቈጡ ነበር። የሐዲያ አማትና የሐምቡርግ ሐኪም ሳይተዋወቁ አንድ ትምህርት አስተምረዋል ማለት ነው።

ዛሬ ግን የሚጨምረው ክብደት ወዴት እንደሚሄድ ተመዝኖ ታውቋል። በደኅና ሁኔታ ያለች ሴት በእርግዝናዋ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ብትጨምር ከዚያ ውስጥ ሕፃኑ ራሱ 3 ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ የእንግዴ ልጁና የሽርት ውኃው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ የማሕፀኗና የጡቷ መደንደን እንደዚሁ አንድ ኪሎ ተኩል ሊጠጋ ይችላል፤ በገላዋ የሚጨመረው ደምና ውኃ ወደ ሦስት ኪሎ ይደርሳል። ስብ ሆኖ የሚቀረው ከሦስት ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ እርሱም ለሚመጣው ጡት ማጥባት የተቀመጠ ስንቅ ነው። እንግዲህ ሐሜተኛው «ሆዷን ወደደች» ብሎ የሚነቅፍባት ነገር ቢዘረዘር አብዛኛው የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ ይገኛል።

መራብስ ሕፃኑን በእውነት ያሳንሰዋልን? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1937 ዓ.ም. (በእነርሱ ከ1944 እስከ 1945) የብርድ ወራት የሆላንድ ከተሞች በተራቡ ጊዜ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የተራቡት እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት በአማካይ 300 ግራም ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ያን የመሰለ መከራ ያተረፈው ይህን ብቻ ነው። እናቲቱ ግን ደሟ ቀንሶ፣ ጕልበቷ ደክሞ ወደ ምጥ ትገባለች፤ ደም የፈሰሳት እንደ ሆነ የምትቋቋምበት የላትም። ሕፃኑም ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ ሲወለድ ለበሽታና ለሞት የቀረበ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ፍርሃታቸውን እንደ ቀልድ ልንቈጥረው አይገባም። በገጠር የምትኖር አሮጊት «ሕፃን ከወፈረ እናት ትሞታለች» ስትል ያየችውን ነው የምትናገረው። ሁለት ሦስት ቀን ያማጡ፣ ከዚያም ከሬሳ ሕፃን ጋር የተለያዩ ወይም ሽንታቸውን መቈጣጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን ታውቃለች። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው። ነገር ግን ምጡ የሚታፈነው ብዙ ጊዜ የእናቲቱ ዳሌ ሳይሰፋ በመቅረቱ ነው፤ ዳሌዋም ሳይሰፋ የቀረው ሕፃን ሳለች ስለ ተራበችና ዐጥንቷ ሳይጠና ስለ ተዳረች ነው። በሴት ልጅ ላይ የተፈጸመው ረኀብ ከዐሥር ዓመት በኋላ ምጥ ሆኖ ይመጣል፤ እኛም ያን ጊዜ በሌላ ረኀብ ልናክመው እንሞክራለን።

የቱርሚን ሴት ያየን እንደ ሆነ ከቱርሚ እስከ ጂንካ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምጥ ከያዘ በኋላ ይህን መንገድ መጓዝ ምን እንደሚመስል ለማንም ግልጽ ነው። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የእናቶች ማቆያ ቤት ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ነፍሰ ጡሪቱ ወሯ ሲገባ መጥታ ከሆስፒታሉ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ምጥ ሲይዛትም ሐኪሙ ቅርብ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ማቆያ በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ተሠርቷል። ጣራና አልጋ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ የሚበላ ነገር ከሌለ ሴቲቱ ቤቷን ትታ አትመጣም። በየወሩ በ21 ማርያምን የሚዘክሩ ማኅበሮች ከጠላውና ከዳቦው አንድ ቍና ዱቄት ቢቈርጡለት ከማኅበሩ በዓል የሚጐድል ነገር የለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ውፍረትን በሁለት መንገድ ያነሣዋል። ሙሴ በመጨረሻ መዝሙሩ የወፈረውን ሕዝብ ይወቅሳል፤ ወፍሮ ፈጣሪውን ረስቷልና። ዮሴፍ በተረጐመው ሕልም ግን የወፈሩት ላሞች የበረከት፣ የከሱት የረኀብ ምልክት ናቸው። ስለዚህ የሚነቀፈው ስብ ሳይሆን መርሳት ነው። በዚያው በደቡብ ኦሞ የሚኖሩ ቦዲዎች፣ ለዓመት በዓላቸው የተመረጡ ጐልማሶች ለወራት ከሥራ ተለይተው ወተትና ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ በበዓሉ ቀን ከሁሉ የወፈረው ይከበራል። አንባቢ በዚህ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ነገር ግን በእኛም ከተሞች የወንድ ቦርጭ የሀብት ምልክት ተብሎ ይከበር የለምን? ሁለት ነፍስ ተሸክማ ለወፈረችው ሴት ግን «ምነው ተበላሸሽ» የሚላት አይጠፋም። ዛሬ በአዲስ አበባ ቀጭን መሆን እንደ ውበት ስለሚቈጠር እርግዝናዋ እንዳያስታውቅ የምትራብ ወጣትም አልታጣችም።

በሌላ በኩል «ለሁለት ብዪ» እያሉ ያለ ልክ ማብላትም ደኅና አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ጥናት ተቋም በ2001 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከስታ የነበረች ሴት ከ12 ኪሎ ተኩል እስከ 18፣ መካከለኛዪቱ ከ11 ኪሎ ተኩል እስከ 16፣ እጅግ ወፍራ የነበረችው ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር መልካም ነው ተብሏል። የከተማ ሴቶች በስኳር በሽታ ምክንያት ሐኪም የሚከለክላቸውን ሊሰሙ ይገባል። የዚህ ዐይነቱ መከልከል ግን ልኩና ምክንያቱ ታውቆ ለአንዲት ሴት የሚታዘዝ ነው፤ ለማንኛዪቱም ሴት በጅምላ ከሚሰጠው የመንደር ምክር ጋር አይመሳሰልም።

ከሁሉ የሚከብደው የጾም ነገር ነው። ምእመናን በየዓመቱ 180 ቀን ያህል እንዲጾሙ ተሠርቷል፤ ፀንሳ የምትቈይበት ጊዜ ዘጠኝ ወር ስለ ሆነ ከዐቢይ ጾም ወይም ከፍልሰታ ወይም ከነቢያት ጾም ሳትገናኝ የምታልፍ ሴት አትገኝም። ቀኖናው ሕመምተኛን እንደማያስገድድ ካህናት ያውቃሉ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ፣ በ381 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በቍስጥንጥንያ ጉባኤ የነበረው፣ በሰሙነ ሕማማት የወለደች ሴት ትጾም ዘንድ ይገባታልን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ጾም የተሠራው ሥጋን ለማድከም መሆኑን፣ የደከመ ሥጋ ግን የሚችለውን ሊበላና ሊጠጣ እንደሚገባው መልሷል። ጥያቄው የቀረበው ስለ ወላድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ለፀነሰችውም እንደሚደርስ ለማየት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ከአባቶች ፈቃድ ከሕክምናም ምክር ተሰጥቷት ሳለ «እኔ ግን ልጹም» የምትል ሴት አለች። እርሷን በቀላሉ ልናልፋት አንችልም፤ ትጋቷ እውነተኛ ነውና። እናቷም እርሷን አርግዛ ጾማ ይሆናል። ዳዊት ከኦርና አውድማ ላይ መሥዋዕት ለማቅረብ በፈለገ ጊዜ ያለ ዋጋ የተሰጠውን ለእግዚአብሔር ላቀርብ አልችልም ብሎ በገንዘቡ ገዛ። መሥዋዕት ከራስ ገንዘብ ሊሆን ይገባልና። በነፍሰ ጡር ሴት ማዕድ ላይ ያለው እንጀራ ግን የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ባለ ድርሻው ገና አፍ አልፈታም፣ እሺም እንቢም አላለም። ስለ ራሷ ልትጾም የምትችላቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ ከአንደበት፣ ከቂም፣ ከሐሜት መጾም ሆድን ባዶ አያስቀርም።

ጾም ሁለት ነገር በውስጡ አለው፤ አንዱ እስከ ሰዓት መቈየት ነው፣ ሌላው ከወተት፣ ከእንቍላልና ከሥጋ መከልከል ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት አስቀድሞ ሊነሣላት የሚገባው ሰዓቱ ነው። ሽሮና ምስር፣ ባቄላና ጎመን በበቂ የሚገኝበት ቤት ያለች እንደ ሆነ የመብሉ ዐይነት በንስሐ አባቷና በሐኪሟ ምክር ሊታይ ይችላል። ቱርሚን በመሰለ ቆላ፣ ጥራጥሬው ከሩቅ በሚመጣበት አገር ለምትኖር ሴት ግን ወተቱን መከልከል ማሽላውን ብቻ መተው ነው። የንስሐ አባት እርሷ እስክትጠይቀው ድረስ ሊጠብቅ አይገባውም፤ አፍራ ሳትጠይቀው ወሯ ሊገባ ይችላልና። ይልቁንም መፅነሷን በሰማ ጊዜ ባሏንና አማቷን አብሮ ጠርቶ በፊታቸው ቢፈታት ይሻላል፤ ብቻዋን የተፈታች እንደ ሆነ ግን በቤት ውስጥ ወተቱን ተደብቃ የምትጠጣው ይሆናል።