ውዝፍ ያለበት ሟች

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር አሉ፤ አያቱ የደብረ ሲና ሰው የነበረ። ገንዘብ ሲያገኝ ዘመድ አገኘ፤ ዘመድ ሲበዛለት ደግሞ የዘር ሐረግ አማረው። አያቱን አያውቀውም፤ ስለዚህ ራሱ ሾመው። ሱቅ የከፈተ ጊዜ አያቱ ባላምባራስ ነበር። መኪና ሲገዛ ግራዝማች ሆነ። ልጁን ሊድር ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ሰባት ቤት ሲቆጠርማ ሟቹ ፊታውራሪ ሆኖ ተገኘ። (ነጋዴው አንድ ፎቅ ቢጨምር ኖሮ ደጃዝማችነቱም አይቀርም ነበር።)

ፊታውራሪ ያለ ሐውልት አይሆንምና እብነ በረድ አስጠረበ፤ ማዕረጉን በወርቃማ ፊደል አስጻፈበት። ጣርማ በርን አልፎ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ደብረ ሲና ገባ። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ቄሱ ድንጋዩን ዞር ብለው እንኳ አላዩለትም።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

«ፊታውራሪ…»

«እሱ የዓለሙ ነው ልጄ። በጸሎት የሚጠሩበትን ነው የምልህ።»

ነጋዴው ዝም አለ። መቃብሩንም አያውቀውም። ቄሱ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አስጠሩለት። አሮጊቷ የእናቱን ስም ሲሰሙ ሳቅ አሉ፤ «የቆፋሪው የልጅ ልጅ ነህ እንዴ!»

ቆፋሪው ዶማ የለመደው ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ሲበሳ ነው፤ ልጅ እግር ሳለ ድንጋይ እየፈለጠ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ለከተማው ዋሻው፣ ለእሱ ዶማ አያያዙ ቀረለት። በእድር መቃብር የሚቆፈረው በተራ ነው፤ እሱ ግን ጊዜ ያጣውን ሰው ተራ በሳንቲም እየተቀበለ ይቆፍር ነበር። ሌላ የሚነገርለት ነገር የለም። አልዘመተም፣ አልተሾመም፣ አልታሰረም። ጠጅ ሲቀምስ ድምፁ ከፍ ይል ነበር፤ ይኸው ነው።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ተራበ። መንግሥት ረኀቡን ሊሸሽግ ቢሞክርም ደብረ ሲና መንገድ ላይ ናትና የሚተመውን ሰው ማየት አልቀረላትም። ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው ዳገት ከዚያው ይጀምራል፤ ጉልበቱ የከዳው ሁሉ ከሥሩ ወደቀ። የወደቀውን ማን ይቅበረው? የእድሩ ዳኛ መተዳደሪያ ደንቡን አወጡና «እድር የሚቀብረው የከፈለውን ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ መዋጮውን የማይጠብቅ እድር ዓመት አይዘልቅም።

«እድሩ አይቅበር» አለ ቆፋሪው። «ዶማና አካፋውን ብቻ አበድሩኝ።»

የመጀመሪያውን ሬሳ ሲቀብር የዚያን ጊዜው ቄስ ጸሎቱን ጀምረው «ነፍሰ ገብርከ» ካሉ በኋላ ቆም አሉ። የሟቹን ስም የሚነግራቸው ፈልገው ዙሪያውን ቢያዩ ማንም የለም። ቆፋሪው ዶማውን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ በቅል ውሃ ይዞ በየበረንዳው ይዞር ጀመር። ካጠጣ በኋላ «የክርስትና ስምህ ማን ነው? ያንቺስ?» ይላል። ሙስሊም ከሆነ የራሱንና የአባቱን ስም ጠይቆ ሲሞት ለሼኹ ይልካል። አንዳንዱ «ገና አልሞትኩም!» ብሎ ይቆጣዋል። «እግዜር ያኑርህ፤ ለማንኛውም ንገረኝ» ነው መልሱ። ፊደል አልቆጠረምና ስሙን ከንፈሩ ላይ እየደጋገመ ወደ እድሩ ጸሐፊ ይሮጣል። ጸሐፊው መዋጮ በማይሰፍርበት በመዝገቡ የኋላ ገጽ ይጽፍለታል፦ ወለተ ማርያም። ገብረ ሥላሴ። ሰይድ፣ የይማም ልጅ።

በነፃ ሲቆፍር የቀን ሥራው ቀረ፤ የሦስት ወር መዋጮ ተወዘፈበት። የመንገደኞቹ ትኩሳት እሱንም ያዘውና በሳምንቱ ሞተ። እድሩ ተሰበሰበ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ሲከራከሩ ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ ጎረቤቶቹ ሰልችቷቸው ራሳቸው ቆፍረው ከእንግዶቹ መቃብር ጫፍ ቀበሩት። ጸሐፊው ስሙን ከአባላት ዝርዝር ሰረዘ፤ የክርስትና ስሙን ግን በኋላ ገጽ ከእንግዶቹ አስከትሎ ጻፈው። ሚስቱ በዓመቱ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ ስለ እሱ የሚያወራም ጠፋ።

በዚያ መዝገብ የአባላቱ ዝርዝር ላይ የክርስትና ስም የሚባል ነገር የለም። መዋጯቸውን ሳያዛንፉ የከፈሉት ሁሉ በዓለም ስማቸው ብቻ ተጽፈው ቀርተዋል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ውዝፍ ባይኖርበት ኖሮ የልጅ ልጁ ለቄሱ የሚሰጠው ስም ባጣ ነበር።

መዝገቡ ከእድሩ ሣጥን ወጣ። ነጋዴው የአያቱን ስም ብቻ እንዲጠሩለት ቢለምን ቄሱ እምቢ አሉ፤ «እሳቸው ለይተው አላስጻፉም፤ እኔም ለይቼ አልጠራም» አሉት። የሙስሊሞቹን ስም ለሼኹ በብጣሽ ወረቀት ገለበጡ፤ የቀሩትን ከመጀመሪያው ጀምረው ጠሩ። አያቱ መጨረሻ ላይ ነበርና ነጋዴው ብዙ ቆመ።

እብነ በረዱን መልሶ ጫነ። ከመሄዱ በፊት ወደ እድሩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የአያቴን ውዝፍ ልክፈል አለ። በወር 50 ሳንቲም፣ የሦስት ወር 1 ብር ከ50። ገንዘብ ያዡ የዘገየበትን ቅጣት ሊያሰላ ጀምሮ ተወውና ደረሰኝ ቆረጠለት።